ቁልፉ ከውጭ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ሳልሽስ ለቀቀሽ? እዚያ አቴንስ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ገብታችሁ የያዛችሁት ባዶ ሆቴል መስኮቱ አሁንም ካርቶን ነው? ከስትራቲስ ጋር ወደዚህች ትንሽ ከተማ ስንመጣ፣ «ወር ሳይሞላችሁ ትመለሳላችሁ» ብለሽ ስቀሽብን ነበር። ይኸው ሽምብራዬ በቅሏል፤ የተቀመጥንበት አሮጌ የወይራ መጭመቂያ ቤት ጣሪያም ማፍሰሱን ትቷል። ያለ ኪራይ፣ ያለ አለቃ መኖር ይቻላል፣ እህቴ! በዓይኔ እያየሁት ነው።

ግን ፈርቻለሁ።

ባለ ልኳንዳው ዚሲስ እሁድ ዕለት ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሳልፍ አየኝና፣ «አንቺ የአቴንስ ጉድ! ለቅዳም ስዑር የይሁዳን ምስል የምናቃጥልበት ደመራ እንጨት አንሶናል፤ የእናንተ በር ደህና የደረቀ ይመስላል» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ቤት ገብቼ፣ እናንተ ዘንድ እንደለመድኩት፣ በሩን ከውስጥ በብረት ቀረቀርኩት።

በማግስቱ ጎረቤቴ እማማ ስታማቲያ በመስኮት ተቆጡኝ። «ልጄ፣ እዚህ አገር በቀን በሩን የሚቀረቅር ሚስቱን የሚደበድብ ብቻ ነው። ሰዉ ምን ደብቀው ነው እያለ ነው። እንደኛ ቁልፍሽን ከውጭ ሰክተሽ ተይው» አሉኝ። ሊያቃጥሉን እኮ ነው ስላቸው፣ «የተቀረቀረ በር መስበርማ ጉብዝና ነው። ቁልፍ የተሰካበት ቤት ግን ሰላም ተብሎ ነው የሚገባው። ሰላም ያሉትን ሰው ቤት ያቃጥሉ እንደሆነ አያለሁ! ባልሽስ የት ሄዶ ነው?» አሉኝ። ማሳ ላይ ነው አልኳቸው።

ትልቅ ከተማ ነው የሚያዋጣን ትይ ነበር። ፖሊስ ከሆቴሉ ሊያስወጣን የመጣ ጊዜ አንድ ፉጨት መንገዱን በሰው ሞላው፤ አልረሳሁትም። ከዚያ ሁሉ ሰው ግን ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። እዚህ ስሜን የማያውቅ የለም፤ ባፏጭ ግን ማን እንደሚወጣልኝ አላውቅም። ይህን ሳላይ አልመለስም።

ዛሬ ቅዳም ስዑር ነው። ብረቱን አንስቼ ቁልፉን ከውጭ ሰክቻለሁ። የምጽፍልሽ በሩን እያየሁ ነው፤ ጽሕፈቴን ይቅር በይኝ።

ጥሎኝ የተመለሰውን ስትራቲስን እዚያ አደባባዩ ላይ ካገኘሽው ኮቱን አልልክለትም በይው። መስኮቱ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ፤ ከውጭ ሲያዩት ሰው ይመስላል።

ባታምኚበትም እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅሽ፤ ደረትሽንም ያሙቅልሽ። የእነ ዚሲስ ድምፅ ከዳገቱ በታች መሰማት ጀምሯል። ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ፣ መጀመሪያ ሰላም ብለዋል ማለት ነው።

ታናሽ እህትሽ