መቀስ የቀደደው ልብስ

ይድረስ ለማከብርዎ ለባለቤቴ እናት፣

እንደምን ከርመዋል እናቴ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ሰሞኑን ብርዱ ሲጠና መጀመሪያ ያሰብኩት የእርስዎን ጉልበት ነው። ዶሮዎችዎ፣ ጎረቤትዎ ባልቴቷ፣ ያ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ደህና ነን የምለው ደብዳቤ ላይ ስለሚባል አይደለም፤ እውነትም ደህና ነን። ልጅዎ ትንሽ ከሳ እንጂ አልታመመም። እንዲያውም ሱሪዎቹን ሁሉ ስላጠበብኳቸው የከሳ አይመስልም።

ከእኔ ደብዳቤ ሲደርስዎ ይህ የመጀመሪያው ነው። በእናትና በልጅ መካከል ምራት ምን አግብቷት ብዬ አፌን ይዤ ቆየሁ። የጠርሙስ ፋብሪካው ተዘግቶ ልጅዎ ሥራ ሲፈታ እርስዎ ገንዘብ ላኩለት፤ ከገንዘቡ ጋር ግን ቃልም ላኩበት። ሚስትህ በመርፌ እያበላችህ እጅህን አጣጥፈህ ከምትቀመጥ ወደ ቤትህ ተመለስ ብለው። እሱም ገንዘቡን እንዳለ መለሰና ከእናቴ እጅ ሳንቲም አልቀበልም አለ። እርስዎ ደግሞ መጥቶ ደጄን ካልረገጠ ደጁን አልረግጥም ብለው ማሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለታችሁም ቃላችሁን ጠበቃችሁ። እንደ እናንተ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው አላየሁም፤ ምነው በሌላ ነገር በሆነ። የመርፌው ነገር እውነቱን ለመናገር እኔንም ነክቶኝ ነበር። አሁን ግን መርፌዬን የምታምን ሰው ስላገኘሁ ትቼዋለሁ።

ኑሯችንን ልንገርዎ፤ እንዳያዝኑ ግን። አጠገባችን ካለችው ፀጉር ሠሪ ጋር አንድ ከሰል ነው የምናቀጣጥለው። የእሷ ድስት ሲወርድ የእኔ ይጣዳል፣ በአንድ ፍም የሁለት ቤት ራት ይበስላል። አንዳንዴ ፍሙ እኔ ጋ ሲደርስ ያልቅና ድንቹ ብስለት ይቀረዋል፤ ያን ቀን ደህና አድርጎ ማኘክ ነው። የሳሙና ቁራጭ አጠራቅመን አጣብቀን ሌላ ሳሙና እናደርጋለን። የሸሚዝ ኮሌታ ሲበላ ፈትቼ እገለብጠዋለሁ፤ የውስጡ ወደ ውጭ ሲመጣ ሸሚዙ አዲስ ይመስላል። ይህን የሰማ የሰፈር ሰው ደጄን አያጣውም። ችግሩ፣ ኮሌታ የሚያስገለብጥ ሰው እንደ እኔው የቸገረው ስለሆነ የሚከፍለኝ ምርቃት ነው። ምርቃት አይጠላም፤ አከራያችን ግን አይቀበሉትም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ኪራዩ ተጠራቀመና አንድ ቀን ልጅዎ የስፌት መኪናዬን የሚገዛ ሰው ይዞ መጣ። ዓይኔን ማየት አልቻለም፤ እኔም አልተቆጣሁትም። ሰውየው ጎማዋን አሽከረከረ፣ ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ፣ ዋጋ ተናገረ። ነገ ና አልኩት። መኪናዋ ከሄደች ኪራዩን ከፍለን ባዶ ክፍል ታቅፈን ልንቀመጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በምን እንደምንኖር ሁለታችንም አላወቅንም።

በማግስቱ፣ ገዢው ሳይመጣ፣ በእርስዎ በኩል የሚመላለሰው አውቶቡስ ሾፌር ትልቅ ጥቅል ተሸክሞ በሬን አንኳኳ። አንዲት ደንበኛ የላከችው የተቀደደ ልብስ ነው፣ ሒሳቡም አስቀድሞ ተከፍሏል አለኝ። ማን ናት ብዬ ብጠይቀው አስተማሪ ናት አለ። ሌላ ጊዜ ጥቅል ሲያመጣ ብጠይቀው ስምንት ወንዶች ልጆች ያሏት ባልቴት ሆነች። ቀጥሎ ነርስ። መንዳት ያውቅ ይሆናል፣ መዋሸት ግን አልሆነለትም። ለማንኛውም ገዢውን ከደጅ መለስኩት። መኪናዋ ይኸው እስከ ዛሬ መስኮቱ ሥር አለች፤ ኪራዩም ተከፈለ። ያችን ደንበኛ ፈጣሪ ውለታዋን ይክፈላት። ቤታችንን ያቆመችው እሷ ናት፤ ይህን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

አሁን ደግሞ ሙያዬ የነገረኝን ልንገርዎ። ልብስ የሚቀደድበት ቦታ አለው፤ ክርኑ፣ ጉልበቱ፣ ብብቱ፣ የኪሱ አፍ። ከመቀደዱ በፊት ይሳሳል፣ ክሩ ይተረተራል። የደንበኛችን ልብስ ግን የሚቀደደው ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ነው። ምስማር ይዞት ነው እንዳልል፣ ምስማር ቀጥ አድርጎ መቅደድ ከየት ይማራል? ይሁን ብዬ አለፍኩት። የቁልፎቹ ነገር ነው ያላሳለፈኝ። ሸሚዞቹ ቁልፋቸው ረግፏል ተብሎ ነው የመጡት። ኪሳቸውን ስፈትሽ የረገፉት ቁልፎች በሙሉ፣ ትልቁ ለብቻ ትንሹ ለብቻ፣ በቁራጭ ጨርቅ ተቋጥረው አገኘኋቸው። ደህና ልብሷን በመቀስ ለመቅደድ የጨከነች ሴት፣ ቁልፍ ለመጣል አልጨከነችም። እናቴ፣ ብቻዬን እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ሳቄ ሲያልቅ አለቀስኩ። የወደቀ ቁልፍ ሳታነሳ የማታልፍ ሴት በሕይወቴ የማውቀው አንዲት ብቻ ነው። ማን እንደሆነች አልናገርም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ለልጅዎም አልነገርኩትም። ብነግረው ጥቅሉን እንዳለ መልሶ አውቶቡሱ ላይ ይጭነው ነበር። ኩራቱ ራቱ ነው፤ ከማን እንደወረሰው ደግሞ እርስዎ ይወቁ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኝ ጀመር። የሚመጣው ልብስ እያደር ጥሩ ጥሩው ሆነ። መጀመሪያ የቤት ቀሚስ ነበር፣ ቀጥሎ የክቱ መጣ፣ ከዚያ አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ የሚመስል ሹራብ። ደንበኛችን የምትቀደው እያለቀባት እንደሆነ ገባኝ። ለእኛ ብላ በብርድ ልትቆም ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የምጠግነውን ሁሉ ገበር እየጨመርኩ፣ ስፌቱን እየደራረብኩ መለስኩ። የማመሰግንበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ልጅዎ ገበያ ጭነት ያወርዳል፤ ጭነት በሌለ ቀን ቤት ይውላል። መጀመሪያ መጀመሪያ ግድግዳ ሲያይ ይውል ነበር። ኋላ ግድግዳው ሲሰለቸው እኔን ማየት ጀመረ። እንዲህ ከምታፈጥብኝ ቁልፍ እንኳ ስፋ ብዬ መርፌ ሰጠሁት። በር ዘግቶ ጀመረ፤ ከጨርቁ ይልቅ ጣቱን ነበር የሚሰፋው። አሁን ግን ደጃፍ ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ይዘመዝማል። የድሮ የፋብሪካ ጓደኛው ሲያልፍ ቢያሾፍበት፣ ያንተም ቁልፍ ረግፏል፣ ና ልስፋልህ አለው። ጓደኛው ተመልሶ መጥቶ አሰፋ።

ባለፈው ሳምንት የመጣው ጥቅል ውስጥ አንድ ልብስ ብቻ ነበር፤ ብል እንዳይበላው ተጠንቅቀው ያኖሩት ጥቁር የወንድ ካፖርት። ግራ እጅጌው ላይ ተቀዷል። ተቀዷል ይባል እንጂ የጣት ጫፍ አያህልም። መቀሱ ጀምሮ ቆሟል። ሌላውን ሁሉ የቀደደው እጅ ይህን መጨረስ አልቻለም።

ጭኔ ላይ ዘርግቼው ሳለ ልጅዎ ከገበያ ገባ። ቆሞ አየው። ከዚያ ካፖርቱን አነሳና፣ ሳያይ፣ እጁን በቀኝ በኩል ወዳለ የውስጥ ኪስ ሰደደ። እኔ ሳገላብጠው ቆይቼ ያን ኪስ አላገኘሁትም ነበር፤ የካፖርት የውስጥ ኪስ በግራ ነው የሚሰፋው። በቀኝ የሚሰፋው ለግራኝ ሰው ሲሆን ብቻ ነው። የባለቤቴን አባት በሕይወት አላገኘኋቸውም፤ ግራኝ እንደነበሩ ያን ቀን አወቅሁ።

እጁን ከኪሱ ሳያወጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማን ላከው አለኝ፤ ደንበኛችን አልኩት። ከመጀመሪያው ጀምሮ እሷ ናት ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። አሁን መልሰሽ ላኪ ይለኛል ብዬ እየፈራሁ ጠበቅሁ። ፊቱን በክንዱ ጠረገና፣ ይህን አንቺ አትሰፊውም፣ ጥቁር ክር ስጪኝ አለ።

እናቴ፣ ስፌቱ ጠማማ ነው። እኔ ባለሙያዋ አይቼ ዝም ማለት ከብዶኝ ፈትቼ ላስተካክለው ብል ከለከለኝ። ደንበኛችንም እንዳትፈታው አደራ።

ይህን ደብዳቤ ሾፌሩ ያደርስልዎታል። ካፖርቱንም አብሬ ልልከው ስጠቀልል ልጅዎ ከእጄ ወሰደው። የሰው ልብስ በሰው አይላክም፣ የሰፋው ሰው ነው ማስረከብ ያለበት አለ። ከዚያ ጫማውን መወልወል ጀመረ።

የሰጠ እጅዎ አይንጠፍ። ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ እኛን እንዳሞቁን እርስዎንም ይሙቅዎ። እሁድ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነው የሚመጣው፤ እባክዎ ከቤት እንዳይወጡ።

እስከ ዛሬ ምራትዎ፣
ከዛሬ ጀምሮ ልጅዎ