የመለስኩለት በረዶ

ኖቬምበር 9፣ ቅዳሜ

ሐኪሟ በየቀኑ ይጻፉ ብላኛለች። ስሜትዎን፣ የደም ግፊትዎን፣ የበሉትን... "ማንም አያነበውም፣ እኔም አላነበውም" አለች። ታዲያ ለማን ነው የምጽፈው? ሚስቴ ኢልማ ሽፋኑ ላይ ድመት ያለበት ደብተር ገዛችልኝ። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው፣ የድመት ደብተር። ይሁን።

ዛሬ የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ኢልማ አካፋ ይዛ ወጥታ የመኪና መግቢያችንን በሩብ ሰዓት ጠርጋ ተመለሰች። እኔ በመስኮት አየሁ። ሴፕቴምበር ላይ ልቤ ውስጥ ትንሽ የሽቦ ቱቦ ከገባች ወዲህ ጨው ክልክል፣ አካፋ ክልክል። ለሐኪሟ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የወረዳው የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሹፌር ነበርኩ እኮ ብላት፣ መንዳትና መዛቅ አንድ አይደሉም አለችኝ። ልጅ ናት፣ ምላሷ ግን ስለታም ነው።

ግፊት፦ ደህና። ቁርስ፦ ጨው የሌለው እንቁላል። እሱም ምግብ ከተባለ...

ኖቬምበር 17፣ እሑድ

ኢልማ በረዶውን የምትጥለው እዚያው መግቢያው ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዙ ላይ! በኖቬምበር በረዶ ሩቅ ነው የሚወረወር። እዚህ ሐይቅ ዳር የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ቅርብ የጣልሽው ፌብሩዋሪ ላይ ግድግዳ ሆኖ ሲቆም የዚያን ጊዜ አካፋሽን ወዴት ልታነሺ ነው? መስኮቱን አንኳኩቼ በእጄ አሳየኋት። ራቅ አድርጊ... ራቅ። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ። ሦስተኛ ሳንኳኳ ገባችና ጓንቷን ሳታወልቅ መጋረጃውን ዘጋችው።

ኖቬምበር 18

መጋረጃው እንደተዘጋ ነው።

ኖቬምበር 29፣ ዓርብ

ሐይቁ ዛሬ ያለ የሌለውን በረዶ ላከብን። ጉልበት ድረስ። ኢልማ ገፊውን አወጣች... ያንን በሁለት እጅ የሚገፋውን ሰፊ አካፋ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ገፋች። ልክ ጨርሳ ወገቧን ስትይዝ የወረዳው መኪና መጣ። መንገዱን ጠርጎ፣ የጠረገውን በሙሉ መግቢያችን አፍ ላይ ገድቦት ሄደ። እርጥብ፣ ከባድ፣ ድንጋይ የሆነ ግድብ። ኢልማ ሹፌሩን ከነዘር ማንዘሩ ረገመችው። እሱ ምን ያድርግ፣ ብረቱ የሚገፋው ወደ ቀኝ ነው አልኳት። አንተም ሠላሳ አንድ ዓመት የምትለው ይህንኑ ነበር አለች።

እውነቷን ነው። የሰው በር ስዘጋ ነው የኖርኩት። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ የረይኖን። ረይኖ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊታችን ነው የሚኖረው። ጡረታ የወጣ ብረት በያጅ ነው። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። በረዶ እየዋጠ ወደ ጎን የሚተፋ ትልቅ ማሽን አለው፤ መግቢያው ላይ ፓንኬክ ጥለህ አንስተህ ብትበላ አፈር አይነካህም። አንድ ክረምት በአንድ ቀን ሦስቴ ዘጋሁበት። በሦስተኛው አካፋውን መኪናዬ ላይ ወረወረው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን አመልካች ጣት ማንሳት ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው።

ገንዘብ ከፍለን እናስጠርግ ብዬ ደወልኩ። የሚጠርጉት ሁሉ እስከ ኤፕሪል ተይዘዋል።

ዲሴምበር 5፣ ሐሙስ

አዲስ ነገር የለም። ግፊት ደህና። እንቅልፍ ደህና።

ዲሴምበር 6፣ ዓርብ

ትናንት ዋሸሁ። በገዛ ደብተሬ ላይ፣ ማንም በማያነበው... ሰው ለድመት ይዋሻል?

ኢልማ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። ከምሳ በኋላ ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ መግቢያው ተጠርጓል። ከጋራዡ በር እስከ መንገዱ ድረስ፣ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። የማን እጅ እንደሆነ ማን ይጠፋዋል? የማሽኑ የጎማ ዱካ መንገዱን ተሻግሮ ረይኖ ቤት ይገባል።

እዚህ አገር ሳይጠየቅ የሰው መግቢያ የሚነካ የለም። ሳይጠየቅ የሚጠረገው የመበለት፣ የአልጋ ቁራኛና የሟች ቤት ነው። የጎረቤት ማሽን ግቢህ ውስጥ ከታየ ሰው ሁሉ፣ ምን ሆኖ ነው? ይላል። ስልኩም ወዲያው ጮኸ። ከቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴት ናት። በዚያ ሳልፍ የረይኖን ማሽን አይቼ ነው፣ ደህና ነህ ወይ አርቮ? ድምፅዋ የለቅሶ ቤት ድምፅ። ረይኖ በቁሜ ቀበረኝ አልኩ። ደሜ ፈላ።

ገፊውን አውጥቼ በረዶውን መለስኩት።

አዎ፣ መለስኩት። ከዳር የተከመረውን እየገፋሁ ወደ መግቢያው መሃል። አርቮ አልሞተም፣ ይየው ብዬ። እኛ ስንፈልግ እንጠርገዋለን ብዬ... እኛ ማለት ኢልማ መሆኗ በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም። አሥራ አራት ዙር ቆጥሬያለሁ። በአሥራ አምስተኛው ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። ጋራዡ ውስጥ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ምላስ ሥር የምትረጨዋን መድኃኒት ረጨሁ። አንዴ... ሁለቴ። ፈራሁ። ማንም ስለማያየው ልጻፈው፣ በጣም ፈራሁ።

ኢልማ መጣች። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ የሰው ግቢ ሁሉ ተጠርጓል፣ የኛ ግን ሞልቷል። መኪናዋን መንገድ ላይ አቁማ በእግሯ ገባች።

"ይሄ በረዶ ከየት መጣ?"

"ከሐይቁ።"

ዱካዬን አየች። ገፊውን አየች። ፊቴን አየች። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ሌላ ባልዲ ገልብጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

"አርቮ፣ እኔ ያገባሁት አንተን ነው እንጂ መግቢያውን አይደለም።"

ጓንቷን አወለቀች።

"ወድቀህ ቢሆንስ? አምቡላንሱ በየት ይገባልህ ነበር?"

ይህን አላሰብኩም። ለካ የራሴን መንገድ በራሴ እጅ ስደፍን ነው የቆየሁት። ደግፋኝ ተነሳሁ፣ ሆስፒታል ወሰደችኝ፣ መረመሩኝ። አዲስ ጉዳት የለም ተባለ። ሐኪሟ እንደ ሕፃን ተቆጣችኝ፣ እኔም እንደ ሕፃን ወለሉን አየሁ።

ዛሬ ጧት ኢልማ ፍርዷን ሰጠች። አዲስ ዓመት ሳይገባ ረይኖን በገዛ አፌ ልጠይቀው ነው። ካልጠየቅኩ ቤቱን ሸጠን ከተማ አፓርታማ እንገባለን፤ እዚያ በረዶ የሚጠርግ ሠራተኛ አለ። ይህን ቤት እኮ በእጄ ነው የሠራሁት አልኳት። የእንፋሎት መታጠቢያውን፣ ሳውናውን፣ እንጨት በእንጨት... "አውቃለሁ፣ ሚስማር ሳቀብልህ ነበር" አለች። "ኩራት እራትህ ነው። ያንተን እራት ስትበላ እኔን መበለት አታድርገኝ።"

ዲሴምበር 11

ሄድኩ። ረይኖ ደጅ ቆሞ የማሽኑን ዘይት ይቀይራል። የመለስኩትን በረዶ አይቶ ይሆን? በመስኮቱ ፊት ለፊት እኮ ነው። ፊቱ ላይ ግን ምንም አይነበብም።

"ብርድ ነው" አልኩ።

"ዲሴምበር ነው" አለ።

ከዚያ ሁለታችንም ማሽኑን ስናይ ቆየን። ተመለስኩ። ኢልማ ጠየቅከው? ስትለኝ ስለ አየሩ ተነጋገርን አልኳት።

ዲሴምበር 16

ዛሬ ደግሞ ስለ ዘይት ተነጋገርን።

ዲሴምበር 20፣ ዓርብ

ቤት የምታሻሽጠው ሴትዮ መጣች። ኢልማ ቀልድ አልያዘችም። ሴትዮዋ በሜትር እየለካች ዞረች። ሳውናዬ በር ላይ ቆማ፣ "ይህቺ ዕቃ ቤት ናት?" አለች። ሆድ ይፍጀው።

ሁለት ቃል እኮ ነው። "መግቢያዬን ጥረግልኝ።" ምንድን ነው የሚያስፈራኝ? እምቢ ቢለኝ ነው? አይደለም... እሺ ቢለኝ ነው። እሺ ያለኝ ቀን ሽማግሌ ነኝ።

ግፊት፦ ከፍ ብሏል። በሴትዮዋ ምክንያት ነው።

ዲሴምበር 29፣ እሑድ

ሁለት ቀን ሁለት ሌሊት ጣለ። ጭን ድረስ። ኢልማ ትናንት የእግር መንገዷን ብቻ ከፍታ፣ መግቢያውን ልትጀምር ጎንበስ እንዳለች ወገቧ ያዛት። ቀና ማለት አቃታት። ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ ወገቧ ላይ አድርጌላት ተኝታለች። "በል መስኮቱ ያንተ ነው፣ እንዳሻህ አንኳኳ" ትለኛለች። ስትስቅ ያማታል፣ እያመማትም ትስቃለች።

ጋራዥ ገባሁ። ገፊው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። እጄን እጀታው ላይ አደረግኩ። ቀስ ብዬ ብገፋስ? ትንሽ ትንሽ... ማን ያየኛል? ከዚያ ኢልማን አሰብኳት። አልጋ ላይ ናት፣ መነሳት አትችልም። እኔ እዚህ ብወድቅ ከወገቧ ጋር እየተሳበች ነው የምትመጣው። ገፊውን ተውኩት።

በእግር መንገዷ ወጥቼ ተሻገርኩ። ቀስ ብዬ፣ ሁለቴ ቆሜ። ሳላንኳኳ ረይኖ በሩን ከፈተ። አየሩን ላነሳ አፌ ዳር ደርሶ ነበር፣ መለስኩት።

"ረይኖ፣ መግቢያዬን ትጠርግልኛለህ?"

አስገብቶ ወንበር ሰጠኝ። ከዚያ ቆሞ፣ "የዚያን ቀን በረዶውን ስትመልሰው አይቼሃለሁ" አለ።

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ስልክ ይዤ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። ብትወድቅ ልደውል።"

እኔ ባልዲ ላይ ብቻዬን ነኝ ብዬ...

"ታዲያ ለምን አልወጣህም?"

"ብወጣ ትጨምር ነበር።"

እውነቱን ነው። እሱን ባይ ሃምሳ ዙር እጨምር ነበር። ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ጋር እንባዬም መጣ። ረይኖ ሰው ነው፣ ወደ ምድጃው ዞረልኝ።

ባዶ እጄን መሄዴ ከበደኝ መሰለኝ፣ አፌ አመለጠኝ። ያንን ግድብ ማስቀረት እኮ ይቻላል አልኩት። ወደ መንገዱ ዞረህ ስትቆም በስተግራህ፣ መኪናው ከሚመጣበት በኩል፣ መንገዱ ዳር ሰፋ ያለ ቦታ ቀድመህ ትጠርጋለህ። ብረቱ የያዘውን እዚያ ያራግፍና መግቢያህ ጋ ሲደርስ ባዶ ይሆናል።

ረይኖ ከምድጃው ዞር አለ።

"ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት።"

"አንተ ሰይጣን" አለኝና ኮቱን ለበሰ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መግቢያችን ተጠርጎ አለቀ። ኢልማ አልጋዋ ላይ ሆና የማሽኑን ድምፅ ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ሽማግሌ ሆንኩ ማለት ነው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያሰብኩትን ያህል አላመመኝም።

ጃንዋሪ 4፣ ቅዳሜ

ኢልማ ለሴትዮዋ ደውላ ቤቱ አይሸጥም አለቻት። ዕቃ ቤቷ ሳውና መሆኗንም ነገረቻት። ወገቧ እየተሻላት ስለሆነ ሄል የገባበት ዳቦ ጋገረች፣ ለረይኖ አደረስኩ። እዚህ በረዶ ለጠረገ ሰው ገንዘብ መስጠት ስድብ ነው፣ ዳቦ ግን ማንም አይመልስም።

ረይኖ ከመግቢያው በስተግራ ሰፊ ቦታ ጠርጓል። የወረዳው መኪና ሲመጣ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መኪናው ሸክሙን እዚያ አራግፎ ባዶውን ሲያልፍ ረይኖ ለሹፌሩ እጁን ያወዛውዛል። ግራ የገባው ሹፌርም ጥሩምባ ይነፋል።

ጃንዋሪ 21

በረዶ። ደወልኩ። "ረይኖ፣ ና" አልኩት። መጣ። ግፊት ደህና፣ ውሸት የለበትም።

ፌብሩዋሪ 13፣ ሐሙስ

ጣራዎች ከበዱ። ጧት ረይኖ መሰላል አቁሞ ጣራው ላይ ወጣ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጆቹ ሰው ቅጠርና ይጥረግልህ ብለውት እንደነበር አውቃለሁ፣ ምን እንደመለሰላቸውም አውቃለሁ። እያንዳንዱን ክምር በአካፋ እየቆረጠ ይጥላል።

ስልኩን አንስቼ መስኮቱ ላይ ቆምኩ። ኢልማ ምን እንደምሠራ ሳትጠይቅ ወንበር አመጣችልኝ፣ አልተቀመጥኩም። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆምኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ። አንዴ እግሩ ሸርተት ሲል ጣቴ ቁጥሩ ላይ ነበረች፣ ቀና ብሎ አካፋውን አነሳና ቀጠለ።

"ወጥተህ ውረድ አትለውም?" አለች ኢልማ።

"ብወጣ ይጨምራል" አልኳት።