ስለ ነብሮ ክትባት የዋሸሁሽ

ውድ ሎዛ፣

የገና መልእክትሽ ደርሶኛል። «እትዬ የሻረግ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት በዓልሽን ጥለሽ ባትደርሺልኝ ኖሮ ዛሬ ጅማ ተቀምጬ ይህን አልጽፍልሽም ነበር» ብለሻል።  ደውዬ ልመልስልሽ ነበር፤ ግን ድምፅሽን ከሰማሁ እንደገና እንደምዋሽ ራሴን አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው በወረቀት የምጽፍልሽ።

ባለቤቴ በቃሉ ያኔ ኩርሙክ መንገድ ሥራ ላይ ሾፌር እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ለገና ፈቃድ ስለከለከሉት እኔ ልሄድለት ወሰንኩ። ችግሩ ውሻችን ነብሮ ነበር። ሰው አያስጠጋም፤ አንቺን ግን ገና ድምፅሽን ሲሰማ ጅራቱን ይቆላል። አስረኛ ክፍል ነበርሽ። አስራ ሁለት ቀን ጠዋትና ማታ ልታበዪውና ግቢውን ልታዪልኝ በሺህ አምስት መቶ ብር ተስማማን። ግማሹን በእጅሽ ስሰጥሽ ቦርሳ እንደምትገዢበት ነገርሽኝ።

እናትሽ ሰንበቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«የሻረግ፣ ውሻው ተከትቧል? ሰሞኑን በሰፈሩ ውሻ በዝቷል» አለችኝ።

«ተከትቧል፤ ወረቀቱም አለ» አልኳት።

ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም፣ ሎዛ። ውሾች የሚከተቡበትን ቀን በድምፅ ማጉያ ሲያስነግሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የዚያን ዕለት ልብስ ሳጥብ ውዬ ደክሞኝ ነበር። በቃ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም።

ከዚህ የባሰም አለ። ከመሄዴ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ የማላውቀው ውሻ በቀርከሃው አጥር ቀዳዳ ገብቶ ነብሮን ጆሮው ላይ ነክሶታል። የዚያ ውሻ ለሀጭ ይዝረበረብ ነበር። በማግስቱ ጎረምሶች ወንዙ ዳር ገደሉት ሲባል ሰማሁ። የነብሮን ቁስል በጨው ውሃ አጠብኩለት፤ ደረቀ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ብናገር ሰንበቴ አንቺን አትፈቅድልኝም፤ እኔም ኩርሙክ መሄዴ ይቀራል።

በሄድኩ በአምስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ደወልሽ። ከበቃሉ ጋር ማንጎው ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር።

«እትዬ፣ አትቆጪኝ እሺ? ነብሮ ነከሰኝ።»

«ምንሽን?»

«እጄን። የውሃውን ሳህን ላነሳ ስል። ከትናንት ጀምሮ ጠባዩ ተለውጧል፤ ስጠራው ጥግ ይገባል። አንቺ ናፍቀሽው ይመስለኛል። ትንሽ ነው የደማሁት። እማዬ ሆስፒታል እንሂድ ትላለች፤ እኔ ደግሞ ተከትቧል እያልኳት ነው። ተከትቧል አይደል?»

ያንን ደቂቃ በሐሳቤ ስንት ጊዜ መላለስኩት መሰለሽ።  የጆሮው ቁስል፣ የዚያ ውሻ ለሀጭ፣ ሁሉም ፊቴ መጣ። እንደዚያ እያየሁት አፌ «አዎ» አለሽ።

«አዎ፣ ተከትቧል። አታስቢ። በሳሙና እጠቢው።»

«አላልኩሽም እማዬ!» ብለሽ ስትስቂ ሰማሁ። ስልኩን ዘጋሽው።

በቃሉ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። «መቼ ነው ያስከተብሽው?» አለኝ።

ስልኩን መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩ።

«የሻረግ፣ መቼ?»

«አላስከተብኩትም።»

ከመቀመጫው ተነሳ። በአስራ ስምንት ዓመት ትዳር እንደዚያ ሲጮህብኝ ሰምቼው አላውቅም። «ደውዪላት! አሁኑኑ ደውዪላት!»

ደወልኩ። ኔትወርክ ጠፍቷል። እንደገና ደወልኩ። ኮረብታው ላይ ወጥቼ ደወልኩ። በማግስቱም ስልኩ አልሠራም፤ በዓል ስለሆነ መኪናም አልነበረም። መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ዋልኩ። ሰንበቴ በእናትነቷ ጠርጥራ ይዛሽ ሄዳ ይሆናል እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ «አዎ» ያልኩት ትዝ ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ተገኘ። ሾፌሩ ኦመር የሚባል የበርታ ነጋዴ ነው። ትንሽ እንደሄድን በተሰባበረ አማርኛው፣

«እህቴ፣ ለምን ያለቅሳል?» አለኝ።

ነገርኩት። ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል። ረጅም መንገድ ነዳ።

«የወንድሜ ልጅ ውሻ ነከሰ» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ነው አልን። ወላሂ፣ ትንሽ ነበር። ሁለት ወር ሄደ። አንድ ቀን ውሃ ሰጠነው። ኩባያውን አየ፣ ጮኸ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም» አለና ማርሽ ቀየረ።

አሶሳ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። የባጃጁን ሂሳብ ከፍዬ መልስ ሳልቀበል ሮጥኩ። በሩን ስከፍት አንቺ እጅሽን በነጠላ ቁራጭ አስረሽ፣ በሌላው እጅሽ ውሃ የሞላ ሳህን ይዘሽ፣ ነብሮ ወደተጋደመበት ጥግ ልትሄጂ ነው። የታችኛው መንጋጋው ተንጠልጥሏል። ለሀጩ መሬቱን አርሶታል። ለመዋጥ ይሞክርና ያቅተዋል።

«አትጠጊው!»

ሳህኑ ከእጅሽ ወደቀ። «እትዬ፣ አጥንት ተሰንቅሮበት ነው መሰለኝ፤ አፉን ከፍቼ ላየው ብል እንኳ እሺ አላለኝም» አልሽኝ።

አፉን ልትከፍቺ። 

ጎትቼ አወጣሁሽና በሩን ቆለፍኩ። ጩኸቴን ሰምታ ሰንበቴ መጣች። «ምን ሆናችኋል?» ስትል እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ኩርሙክ ሳየው ጊዜው አልፎበታል። ሆስፒታል እንሂድ» አልኩ። እናትሽ አመነችኝ። «እግዜር ይስጥሽ፣ ይህን ሁሉ መንገድ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ሆስፒታል እናንተ ተራ ስትጠብቁ ባለሙያውን ለብቻው አግኝቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ክትባቱ፣ ስለዚያ ውሻ።  እዚያው መርፌውን አስጀመረሽ። ነብሮን እንዳንገድለው፣ ማንም ሳይጠጋው ቆልፈን እንድንጠብቅ አዘዘ። ልወጣ ስል፣

«እናትየዋ ይህን መስማት አለባት። አንቺ ትነግሪያታለሽ ወይስ እኔ?» አለኝ።

«እኔ እነግራታለሁ» አልኩት። ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ነብሮ በአራተኛው ቀን ሞተ። አንቺ አለቀስሽለት። እኔ እንባ አልነበረኝም፤ አብዶ እንደነበር በሞቱ ገብቶኛል። መርፌሽን አንድም ቀጠሮ ሳታጓድዪ ጨረስሽ። «ከእንግዲህ አትስጉ» ተባልን። እናንተ አመናችሁ። እኔ ግን ውሃ በጠጣሽ ቁጥር ጉሮሮሽን አያለሁ። ቤቴ ስትመጪ ገና ሳትቀመጪ ኩባያ የማቀርብልሽ ለእንግድነትሽ ይመስልሽ ነበር። ስትጨርሺው እተነፍሳለሁ። አንዴ ሰንበቴ «ሎዛን አተኮሳት፣ ራሷንም ያማታል» ብላ ስትመጣ ያፈላሁትን ሻይ እግሬ ላይ ደፋሁት። ወባ ነው ሲባል እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ልጅሽን ወባ ይዟታል የተባለች እናት አጠገብ ቆሜ ደስ አለኝ።

ትናንት መልእክትሽን ይዤ እናትሽ ጋ ሄድኩ። ማሽላ እየለቀመች ነበር። ከልብስ አጠባው ጀምሬ እስከ ሆስፒታሉ ነገርኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«ያ ዋቃዮ» ብላ በቀስታ አምላኳን በኦሮምኛ ጠራች። ሰፌዱን አስቀመጠችና፣ «ሎዛ ታውቃለች?» አለችኝ።

«አታውቅም።»

«እንግዲያው ራስሽ ንገሪያት። እኔ የአንቺን አልናገርልሽም።»

 ስወጣ አልሸኘችኝም። ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቷን አዞረች። ልክ ናት።

ሎዛ፣ ይቅር በይኝ ብዬ አልለምንሽም፤ ያ ደግሞ ሌላ ነገር ከአንቺ መውሰድ ይሆንብኛል። ምስጋናሽን ግን መልሰሽ ውሰጂው። ኦመር መኪና ላይ ያለቀስኩት ግማሹ «ሰው ምን ይለኛል» እያልኩ ነበር። ለአንቺ መፍራት የጀመርኩት ሳህኑን ይዘሽ ወደ ነብሮ ስትሄጂ ሳይሽ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተወኝም። ለክረምት ስትመጪ ቤቴ ባትገቢም ይገባኛል። በሩቅ አይሻለሁ፤ ጤነኛ ሆነሽ ማየቴ ይበቃኛል።

በጤና ቆዪልኝ።

የሻረግ
አሶሳ