ዲያቆንን ያስሮጠው ገንዘብ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ከርመሃል? ዳሌህ እንዴት ነው? ባለፈው "ደረጃ መውጣት ጀምሬአለሁ" ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የፍሎሪዳ ፀሐይ ለአጥንት መድኃኒት ነው ይላሉ፤ ለአንተም ይሁንልህ። እኛ ጋ ሚያዝያ ገብቶም ብርዱ አልለቀቀንም፤ በጋጣዎቹ ዙሪያ ያለው ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ፈረሶቹ ደህና ናቸው። እኔም በአካል ደህና ነኝ።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ በስልክ ሳታስጨርሰኝ ስለምትዘጋብኝ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። ማክሰኞ ዕለት ቻርልስተን ሄጄ በስቴቱ ምክር ቤት ፊት ተናግሬአለሁ። ዴልበርት ከመደወሉ በፊት ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው። ምናልባት ደውሎልህ ይሆናል፤ "ልጅህ ከዳችን" ብሎህ ይሆናል። እሱ ያለውን ብሏል፤ አሁን ደግሞ የእኔን ስማ።

ጉዳዩን ታውቀዋለህ። በፈረስ ሜዳችን ያለው ካዚኖ ከቁማር ማሽኖቹ ገቢ ላይ ለእሽቅድምድም ሽልማት የሚቆርጠውን ድርሻ ሕግ ወጥቶ ይቅርልኝ ብሏል። የእኛ የፈረሰኞች ማኅበር ደግሞ አንድ ሳንቲም እንዳትነካ እያለ ነው። ዴልበርት የማኅበሩ ሊቀመንበር ሆኖ ሳለ እኔን ተናገሪ ያለኝ በአንተ ምክንያት ነው። "ማሽኖቹን ወደዚህ አገር ያመጣው ሰው ልጅ ስትናገር ይሰሙሻል" አለኝ። "ስለ ገበሬው አውሪ፤ ስለ ልጆቻችን እንጀራ አውሪ። ካስፈለገም ትንሽ እንባ ጣል አድርጊ።"

ያመጣሃቸውስ አንተ ነህ። አልረሳሁትም። እኔ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን ስሠራ፣ አንተ በየቤቱ እያንኳኳህ "በሕዝበ ውሳኔው ማሽኑን ምረጡ" ትል ነበር። ያኔ የትሪቡኑ ጣሪያ ያፈሳል፤ አንደኛ የወጣ ፈረስ ሽልማት ለድርቆሽ እንኳን አይበቃም። ፓስተሩ በስብከቱ መሃል ሲያወግዝህ፣ አምልኮው ካለቀ በኋላ በር ላይ ጠብቀህ "ፓስተር፣ ቁማርተኛው ገንዘቡን መጣሉ ካልቀረ፣ ጎረቤት ስቴት ሄዶ ከሚጥለው እዚሁ ይጣልና ፈረሶቻችንን ያብላ" አልከው። ፓስተሩ ራሱ ሳቀ። ያን ቀን የአንተ ልጅ በመሆኔ ደረቴን ነፍቼ ነበር የሄድኩት።

ተሳስተሃል አልልህም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እኔም አይቻለሁ። ጣሪያው ተጠገነ፣ ጋጣው በአዲስ እንጨት ተሠራ፣ ሊሸጥ የነበረው የእርባታ እርሻ ሁሉ ተረፈ። ከሩቅ ጥሩ ጥሩ ፈረሶች መጡ። ሠራተኛችን ሆሊስ እንኳን ጋጣ እየጠረገ ጥርሱን አስተከለ።

በኋላ ግን ሽልማቱ ከፈረሱ በለጠ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ይኼን የማያውቅ በእኛ ሰፈር የለም፣ የሚናገረው ግን የለም። ማንም ሰው ከሩጫው በፊት ዋጋውን አስቀምጦ ሊወስደው የሚችል ርካሽ ፈረስ፣ የዋጋውን ሦስት እጥፍ ለሚሆን ሽልማት ይሮጣል። እንዲህ ከሆነ እግሩ እስኪድን ሣር ላይ የሚያቆየው ማን ሞኝ ነው? ሞቶ እንኳን ያተርፋል! አንድ ሰንካላ አሸንፎ ከሞተ፣ በሽልማቱ ሌሎች ሦስት ሰንካሎች ይገዛሉ። ጥሩ ፈረስ ያመጣል ያልነው ገንዘብ፣ ጥሩውን ወደ ትልልቆቹ ሜዳዎች እያሳለፈ፣ ለእኛ የሌላውን ሜዳ ውዳቂ አከማቸልን። ስድስት የደከሙ ፈረሶች ሲሮጡ ማን ይወራረዳል? ማንም። ትሪቡኑ ላይ እርግብ ብቻ ነው ያለው። እኛን የሚያኖረን ተመልካች ቢሆን ኖሮ እናፍር ነበር፤ የሚያኖረን ማሽን ስለሆነ አናፍርም።

አሁን ወደ ዲያቆን ልምጣ።

እኔ ካሳደግኳቸው ፈረሶች ሁሉ እንደሱ ያለ አልነበረም። ውርንጭላ ሆኖ ራሱን ደፍቶ ሲቆም አይተህ ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ፤ ባለቤቱም አንተ ነበርክ። ዘጠኝ ዓመቱን ይዞ ነበር። በክረምቱ መጨረሻ ቀኝ የፊት ቁርጭምጭሚቱ እየጋለ ሲያስቸግረኝ፣ ሐኪም አስመጥቼ ራጅ አስነሣሁት። አጥንቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። "እስከ መኸር እንዳይሮጥ፤ ከዚያም ባይሮጥ ይሻላል" አለኝ። ያን ዕለት ማታ ደውዬ ነግሬሃለሁ። ከዚያ ሁለት ፈረስ ላመጣ ኬንታኪ ሄድኩ።

ስመለስ ከቀትር በኋላ ነበር። ፈረሶቹን ገና ከመኪናው ሳላወርድ፣ በድምፅ ማጉያው "ቁጥር አራት፣ ዲያቆን" ሲል ሰማሁ። ሌላ ዲያቆን መሰለኝ። ሮጬ አጥሩ ጋ ስደርስ፣ ሆሊስ ባዶ ልጓም ይዞ ቆሟል።

"ማን ነው ያስገባው?" አልኩት።

"ይሩጥ ተብሏል" አለኝ፣ መሬት መሬቱን እያየ። "የሽልማቱ ማሰሮ ሞልቷል፣ አንዴ ብቻ ይሩጥ፤ ባያሸንፍም የሚወስደው አይጠፋም ተብሏል።" በበረዶ ሲነክሩት እንዳደሩ፣ መርፌም እንደተወጋ፣ ጠዋት የሜዳው ሐኪም ሲዳስሰው እግሩ ቀዝቃዛ እንደነበር ነገረኝ። ማን እንዳዘዘ አልጠየቅኩትም። አነጋገሩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ከመጨረሻው መታጠፊያ ሲወጡ ሁለተኛ ነበር። ደግሞ ደስ ብሎት ነበር፤ ጆሮዎቹን አይቻለሁ። ከዚያ እግሩ ቀጭ አለ። ከዚያ ርቀት አይሰማም ይሉኛል፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ። ጋላቢው አንሴልሞ በፈረሱ አንገት ላይ ተሽቀንጥሮ ወደቀ፤ ከኋላ የሚመጣውም ፈረስ ሊዘለው ሞክሮ አልቻለም። ዲያቆን በሦስት እግሩ ተነሥቶ፣ የተሰበረውን እያንጠለጠለ፣ ሌሎቹን ሊከተል ይታገል ነበር። ሰው እንዳያይ አረንጓዴውን መጋረጃ ዙሪያችንን ዘረጉብን። ሐኪሙ የመጨረሻውን መርፌ ሲወጋው ራሱን ይዤለት ነበር።

እጄን ልታጠብ ወደ ካዚኖው ገባሁ፤ ቅርብ ያለው ውሃ እሱ ነበር። በሜዳው በኩል ያሉት መስኮቶች መጋረጃቸው ሁሌ የተዘጋ ነው፣ ተጫዋቹ ቀኑ መምሸቱን እንዳያይ። ከላይ እስከ ታች በጭቃና በደም ተለውሼ ሳልፍ፣ አንዲት አሮጊት ከማሽኗ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል "ውጭ ዝናብ ነው እንዴ ልጄ?" አለችኝ። አባዬ፣ እዚያ ውስጥ ካሉት መቶዎች አንዱ እንኳን ሩጫ መኖሩን አያውቅም ነበር። በእነሱ ገንዘብ የሞተውን ፈረስ አንዳቸውም አላዩትም።

እንግዲህ ማክሰኞ ይኼን ይዤ ነው የገባሁት። መጀመሪያ የተናገረው የካዚኖው ሰው፣ ዊትሎክ ነበር። የዚያን ቀን አረንጓዴ መጋረጃ ፎቶግራፍ አስነሥቶ ኖሮ፣ ትልቅ አድርጎ በግድግዳው ላይ አሳየ። "ድርጅታችን ለእንስሳት ይራራል፤ ይህን ጭካኔ ከአሁን በኋላ በገንዘባችን አንደግፍም" አለ። ደሜ ፈላ። ሜዳውን አርሶ የመኪና ማቆሚያ ሊያደርገው የቋመጠ ሰው፣ በእኔ ፈረስ ሬሳ ላይ የአዞ እንባ ያፈሳል! ተራዬ ሲደርስ ዴልበርት የጻፈልኝን ወረቀት አላነበብኩም።

"አቶ ዊትሎክ፣ ለፈረሱ ካዘኑ መጋረጃዎን ለምን ከፍተው አላዩትም?" አልኩት። "ማሽኖቹን ይዘው እንዲገቡ ሕዝቡ የፈቀደልዎ በፈረሶቹ ስም ነው። አሁን ስንቆሽሽ አይቻችኋለሁ ብለው ውሉን ሊያፈርሱት አይችሉም።" የእኛ ሰዎች ከኋላ አጨበጨቡ፤ ዴልበርት ያፏጭ ነበር።

ወደ እነሱ ዞርኩ። "እናንተም አታጨብጭቡ" አልኩ። ሽልማቱ ከፈረሱ ዋጋ እንዲህ እስከራቀ ድረስ ሁላችንም ሰንካላ እንደምናስሮጥ ተናግሬ፣ ከገንዘቡ ላይ ለተጎዳ ጋላቢና ጡረታ ለወጣ ፈረስ ተቆርጦ እንዲቀመጥ፣ የርካሾቹ ሽልማት ዝቅ ብሎ የጤነኞቹ ከፍ እንዲል ለመንኩ። ጭብጨባው ጠፋ። ዴልበርት ስወጣ "የአባትሽን ቤት አቃጠልሽው፤ ካዚኖው እንኳን እንዲህ አላደረገንም" አለኝ። "እኔ ጭሱን ነው ያሳየሁት" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሆሊስ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ዴልበርት የሚነግርህ አይመስለኝም። ልጨርስ ስል ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው "ይህ ፈረስ ስንጥቅ እንዳለው እየታወቀ፣ ይሩጥ ያለው ማን ነው?" አሉኝ። "በመዝገቡ ላይ ያለው የአሠልጣኝ ስም የእኔ ነው" አልኳቸው። "የጠየቅኩዎት እሱን አይደለም" አሉ። ከዚያ በላይ አልመለስኩም። ፈቃዴን ሊነጥቁኝ ይችላሉ፤ በሚቀጥለው ወር ይወሰናል።

አንሴልሞ ከሆስፒታል አልወጣም። ከወገቡ በታች አይሰማውም፤ ሐኪሞቹም አይዞህ ማለቱን ትተዋል። ከፔሩ ሲመጣ ማንም ያልሰጠውን ፈረስ የሰጠኸው አንተ ስለሆንክ፣ ሁለተኛ አባቴ ነው እያለ ለነርሶቹ ያወራል። እሱም ስለዚያ ቀን ተጠይቆ ነበር። "ፈረሱ ጤነኛ መስሎኝ ነው" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ አሉ። እኔ ግን ወደ መነሻው በር እየሄደ ሆሊስን "ይሄ እግር ልክ አይደለም" እንዳለው አውቃለሁ። "ታዲያ ለምን አልወረድክም?" ስለው "ሽማግሌው እኔን የሚጎዳ ቢሆን አያስሮጠውም አልኩ" አለኝ።

በሄድኩ ቁጥር ስለ አንተ "ሽማግሌው ደወለ?" ይለኛል። እስካሁን "መስመሩ አስቸግሮት ነው" እያልኩ ነው። ከዚህ በኋላ አልዋሽለትም። የክፍሉ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው፤ ከአልጋው አጠገብ አንድ ወንበር አለ።

እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ለጉዞ የሚሆን ጉልበትም ይስጥህ።

የምትወድህ ልጅህ