ጠንካራው ጃኬት

ቀጮ፣

አክስቴ ጋ ሄጃለሁ፤ አትደውዪ። የቤቱን ቁልፍ ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻታለሁ። ሩዝ ድስቱ ውስጥ አለልሽ።
ስኳርሽን ጨርሼብሻለሁ፣ ይቅርታ።

ለኢላማ ተኩሱ ልብስ ስንመርጥ፣ "ጠንካራው ጃኬት ትከሻሽን ያስርሻል፣ ስሱ ይሻልሻል" አልሽኝ። እንደ እህት አምኜሽ ስሱን ገዛሁ። ትናንት በማጣሪያው ጠመንጃው እጄ ላይ ሲዋልል፣ አንቺ ያንኑ ጠንካራውን ለብሰሽ ቀጥ ብለሽ ቆምሽ።

አሰልጣኙ "ጠንካራው እኮ ገላን ደግፎ ይይዛል! ማነው ይህን ያስገዛሽ?" ሲለኝ፣ አጠገቤ ነበርሽ። ስምሽን አልጠራሁም። አንቺ ጠመንጃሽን መወልወል ጀመርሽ።

በማለፍሽ አልተቀየምኩም።

ግን ከውድድሩ በፊት "ነይ፣ የጃኬቴን ቁልፍ ቆልፊልኝ" ስትዪኝ አንጀትሽ እንዴት ቻለ? እኔ ሞኟ፣ "ትንፋሽሽን ያዝ አድርጊ" እያልኩ እስከ አንገትሽ ቆለፍኩልሽ።