ሰው አስተኝተው መተኛት የፈሩት፦ የሲስተር የሺአረግ ይመር የሕይወት ታሪክ

ሲስተር የሺአረግ ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር አደምና ከእናታቸው ከወ/ሮ እንጉዳይ መኮንን በወሎ ደላንታ በ1963 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ቤተሰቡን ሲበትነው ከእናታቸው ጋር በሰፈራ ወደ ወለጋ መጡ። ቢላ ትምህርት ቤት ሲገቡ ከአፋን ኦሮሞ አንድ ቃል አያውቁም ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ ግን ለሰፋሪው ሁሉ አስተርጓሚ ሆኑ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በነቀምቴ አጠናቀው በነርስነት ከተመረቁ በኋላ በኑኑ ቁምባ አገለገሉ። በ1989 ዓ.ም. መምህር ነመራ ባቻን አግብተው ሊሊሴንና ሮቤራን ወለዱ፤ ኑሯቸውንም በነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በተባለው ሰፈር አደረጉ።

በ1995 ዓ.ም. በሰመመን ሕክምና ሠልጥነው ነቀምቴ በሚገኝ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ሰመመንን «እንቅልፍ ነው» የሚልን ሰው ይቆጡት ነበር። የተኛ ሰው ሲነቀንቁት ይነቃል፤ ሰመመን የያዘው ግን ሥጋው ሲቀደድ እንኳ አያውቅም። መድኃኒቱ በደም ሥር አንጎል ሲደርስ የአንጎልን ክፍሎች እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ያደርጋቸዋል፤ ሕመሙ ይላካል፣ ተቀባይ ግን የለም። ትዝታ አይቀመጥም፣ ጡንቻ ይላላል፣ ትንፋሽ ይደክማል፤ ጉሮሮን ከትንታ የሚጠብቀው ሳል እንኳ ሥራውን ይተዋል። ያን ጊዜ የሰውየው እስትንፋስ በባለሙያው እጅ ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ክፍሎቹ እንደገና መነጋገር ይጀምራሉ። ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚሆን ሳይንሱም ገና ጠንቅቆ አልደረሰበትም፤ ሲስተር የሺአረግን የሚያስፈራቸውም ይኸው ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ያሲን አሊ የተባለ የሰፋሪ ገበሬ ልጅ ለቡአ ቀዶ ሕክምና ገባ። እህል ውኃ እንዳይቀምስ ተነግሮት ነበር። እናቱ ወ/ሮ ሰዒዳ ግን አንጀታቸው አልችል ብሎ በሶ በጥብጠው በድብቅ አጠጡት። ሰመመኑ ሲይዘው የጠጣው ወደ ላይ መጥቶ ሳንባው ገባ፤ ቢረባረቡም አልተረፈም። «ልጄን በባዶ ሆዱ ለስለት እንዴት ልስጠው ብዬ ነው» አሉ እናቱ። ሲስተር የሺአረግ ከለቅሶው ቤት ተቀምጠው አብረው አነቡ፤ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሕመምተኛውን «በልተሃል ወይ?» ብለው አይጠይቁም ነበር። በአገራችን ታማሚ ያለ ጉርሻ እንደማይለቀቅ ስለሚያውቁ፣ አስታማሚውን ለብቻ ወስደው «ምን አጎረስሽው? ንገሪኝ፣ አልቆጣም» ይላሉ። ከዚያም የታማሚውን እጅ ይዘው «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ» እያሉ ያስተኙታል። እሳቸው ግን እስኪነቃ ድረስ በፍርሃት ትንፋሹን ይቆጥሩ እንደነበር የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. በአንጀታቸው ላይ ዕጢ ተገኘና የቀዶ ሕክምና ቀን ተቆረጠላቸው። በቀጠሮው ማለዳ ቁርስ በሉ። «ረስቼው ነው» ሲሉ ቀጠሮው ተራዘመ። በሁለተኛው ቀጠሮ ወተት ጠጡ። ስንቱን ሰው ያስጾሙ ሴት የራሳቸውን ጾም ረሱ ቢባል ማን ያምናል? ሆኖም ከቤተሰቡ ደፍሮ የሚናገራቸው አልነበረም። ወራት አለፉ፤ ሕመሙ ግን ቀጠሮ አልጠበቀም።

በመጨረሻ ራሳቸው ያሠለጠኗት የሰመመን ባለሙያ ኬኔ ጉሉማ ቤታቸው ድረስ መጣች። «አዴ፣ እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሆን ብለው ነው አይደል የበሉት?» አለቻቸው።

ሲስተር የሺአረግ አለቀሱ። «አዎ፣ ፈርቼ ነው። የሰው ትንፋሽ በእጄ ይዤ ኖሬያለሁ፤ እንዴት እንደሚያመልጥ አይቻለሁ። የእኔን ማን ይይዘዋል?»

«እኔ እይዘዋለሁ» አለች ኬኔ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ምንም ሳይቀምሱ ገቡ። ሲነቁ ኬኔ አጠገባቸው ነበረች። ዙሪያውን አዩና፣ «አለቀ? ይኸው ነው እንዴ?» አሉ። ደስታቸው እንደ ልጅ ነበር። ዕጢው ጉበታቸው መድረሱን ገና አልሰሙም። ሐኪሙ በኋላ ነገሯቸው፤ «ቀደም ብሎ ተወግዶ ቢሆን ኖሮ እዚያ ባልደረሰ ነበር» አሏቸውም።

ከዚያ በኋላ በቤታቸው ሲታመሙ ለቤተሰቡ ያዘዙት አንድ ነገር ነው፦ «በቀብሬ ቀን ጀግና ነበረች እንዳትሉ። የገደለኝ ሰመመኑ ሳይሆን እሱን መፍራቴ መሆኑን ለሰው ንገሩ።» ቃላቸውን ጠብቀን ይኸው ተናግረናል። ከመካከላችሁ ቀጠሮውን እያራዘመ የተቀመጠ ካለ፣ ከዚህ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ሐኪሙ ይሂድ።

ሲስተር የሺአረግ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተገኙበት፣ በተወለዱ በ55 ዓመታቸው አረፉ። እናታቸው ወ/ሮ እንጉዳይ፣ ባለቤታቸው መምህር ነመራ፣ ልጆቻቸው ሊሊሴና ሮቤራ፣ እንዲሁም በእጃቸው ተኝተው የነቁ ብዙዎች ያዝኑላቸዋል።

ፈርተው ከቆሙበት ደጅ ጌታ ራሱ ወጥቶ ይቀበላቸው። አሜን።