ጥርስ ያለው ብር

ሜልቦርን፣ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ባለቤቴ ለያለምዘውድ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? እኔ ድካሙ ባይለቀኝም ጌታ ይመስገን አለሁ። በየቀኑ በስልክ እየተያየን ምን ደብዳቤ አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ልነግርሽ ጀምሬ ሦስቴም ስለ አየሩ አወራሁልሽ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ሰብሐት ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ይህን በእጁ ላኩልሽ። ፊደሉን ያገዘፍኩት፣ መስመሩም የተንጋደደው በምክንያት ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ላቨርተን ኖርዝ ባለው መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ ሮስሊ የሚባል የማሌዢያ ሰው አለ። ሽማግሌ ስለሆነ በልቤ ጋሼ ሮስሊ ነው የምለው። ባለፈው ወር በምሳ ሰዓት መጠጥ የሚሸጠው ማሽን ፊት ቆሜ የሳንቲሞቼን ጠርዝ በአውራ ጣቴ ጥፍር ስዳብስ፣ ለካ ከኋላዬ ቆሞ ያየኝ ነበር።

«ሪንጊት!» አለና ሳቀ።

የአገሩን ገንዘብ ስም እንደጠራ ገባኝ። «ይሄ የአውስትራሊያ ነው» አልኩት ቆጣ ብዬ። ደክሞኝ ነበር፤ በዚያ ላይ መታየቴ አናደደኝ።

እሱ ግን አልተቀየመኝም። አጠገቤ ቆሞ አስረዳኝ። ሪንጊት ማለት በቋንቋቸው ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ያለው ማለት ነው። ድሮ ስፔኖች ያመጡት የብር ሳንቲም በአገራቸው ገበያ ሲዞር ጠርዙ እንደዚያ ስለነበር ሰው በዚያው ጠራው። ዛሬ ወረቀት ሆኖ እንኳ ስሙ አልተቀየረም።

«ጥርሱ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። «ሌባ ዳር ዳሩን ፍቆ ብሩን እንዳይወስድ ነው። ከፋቁት ጣት ወዲያው ያውቃል።»

እኔም የእኛ ብር የተጠራው በማዕድኑ ስም እንደሆነ ነገርኩት። እናቴ ባንገቷ ታደርገው የነበረውን ጠገራ ብርም አወራሁለት። «እናንተ ከምን እንደተሠራ አያችሁ፤ እኛ ዳሰስነው» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ የአያቱን ሳንቲም በመሐረብ ጠቅልሎ አመጣልኝ። «ፊቱ ተፍቆ አልቋል፤ ንጉሥ ይሁን ሌላ አይታወቅም» አለኝ። እኔ ተቀብዬ ጠርዙን ዳበስኩት። ጥርሱ አለ። ሮስሊ ጣቴን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ማየት ካቃተህ ስንት ጊዜህ ነው?» አለኝ።

ያለሜ፣ እዚያው ምሳ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ ነው። የዓይኔ መሃል ተጎድቷል። ሐኪሟ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን አለችኝ። ዳር ዳሩን አያለሁ፤ ፊት ለፊቴ ያለውን ግን ጉም ይሸፍነዋል። ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት መንዳት ትቼ ካርቶን ሳጥፍ ነው የምውለው። ከምኖርበት ከኮሊንግዉድም በባቡርና በአውቶቡስ ነው የምመላለሰው። «ቤንዚን ተወዶ መኪናዬን ሸጥኩ» ያልኩሽ ውሸት ነው። ባለፈው እሑድ ሹሩባሽን አሳይተሽኝ «ያምርብሻል» ያልኩሽም ሳላየው ነው። ከሁሉ ይበልጥ እሱ ያሳፍረኛል።

አሁን ቪዛሽ ወጥቷል፤ ትኬት ቆርጠሻል፤ የስፌት ሱቅሽንም ልትለቂ ነው። አራት ዓመት የጠበቅሽው ግን ደኅና የሚያይ ሰው ነበር። ሳትሳፈሪ ማወቅ አለብሽ። ብትቀሪ አይከፋኝም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እሱም ሌላ ውሸት ይሆናል። እንድትመጪ እፈልጋለሁ። ብቻ አውቀሽው ነይ።

የጻፍኩትን መልሼ ማንበብ ስለማልችል ስህተት ቢኖረው እለፊልኝ። የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። ጌታ እጆችሽን ይባርክ፤ የምትመርጪውንም መንገድ ያቅናልሽ።

ከመጣሽ አየር ማረፊያው መውጫ ላይ ሰማያዊ ጃኬት ለብሼ እቆማለሁ። እስካይሽ አትጠብቂ። ቀጥ ብለሽ መጥተሽ እጄን ያዢው፤ መርፌ የወጋጋውን አውራ ጣትሽን አውቀዋለሁ።

ባለቤትሽ
አምኃ